የስኳር በሽታ በድመትና በሰው፤ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ሲታይ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የተጓዘ መንገደኛ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅም የብሔራዊ ፓርኩን መንገድ ይዞ ሽቅብ ቢቀጥል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጨነቅ የተባለውን ስፍራ ያገኛል። ጨነቅ የሚታወቀው በዋልያው፣ በጭላዳውና በቀይ ቀበሮው ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም ስሙን ያስጠሩት እንደነዚህ ያሉት የዱር አራዊት ናቸው። በዙሪያው ባሉት የገበሬ ቤቶች ውስጥ ግን ተመራማሪ ሊያየው የማይመጣ ሌላ እንስሳ አለ፤ ይኸውም ከጎታው ሥር አድፍጦ የገብሱን ጠላት የሚጠባበቀው የቤት ድመት ነው።

የደጋ ድመት ቀለብ አይቆረጥለትም። እንደ ውሻ ደጅ ጠባቂ፣ እንደ በሬ ባለ ቀንበር አይደለም፤ ሥራው አይጥ መያዝ ነው፣ ደመወዙም የያዘው አይጥ ነው። ከማዕድ የተረፈ እንጀራ ይጣልለት ይሆናል፤ ላም በወለደች ጊዜም ወተት ይቀምስ ይሆናል። ከዚህ በተረፈ ሌሊቱን ሲያድን ያድራል፣ ቀኑን ከምድጃው አጠገብ ተጠቅልሎ ይውላል። ይህ ኑሮ ለድመት ከጥንት የተሠራለት ኑሮ ነው። የቤት ድመት የዘር ግንድ የአፍሪካ የዱር ድመት መሆኑ፣ ከሰው ጋር የተወዳጀውም እህል በተከማቸበት ስፍራ አይጥ ስለ በዛ መሆኑ በሊቃውንቱ ዘንድ የታመነ ነው። ስለዚህ ጎታውና ድመቱ ከተገናኙ ብዙ ሺህ ዓመታት ሆኗቸዋል።

የአገራችን የእንስሳት ሕክምና ታሪክ ስለ ድመት የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጅቶ ሕዝቡን በክፉ ቀን ረኀብ ከጣለው በኋላ፣ የሙያው ዓይን ከበሬው ላይ ሊነሣ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በደብረ ዘይት የተቋቋመው የክትባት ማምረቻ ተቋምም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1979 በዚያችው ከተማ የተከፈተው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ዋነኛ ትኩረታቸው ለገበሬውና ለአርብቶ አደሩ ሀብት ነበር። ደስታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታወጅ የዚህ ትኩረት ትክክለኛነት ተመስክሮለታል። ድመት በመዝገብ የሚሰፍረው ሰው ሲነክስና የእብድ ውሻ በሽታ ሲጠረጠር ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም በሕክምና ታሪክ ውስጥ ድመት ከፍ ያለ ድርሻ የያዘበት አንድ ምዕራፍ አለ፤ እርሱም የስኳር በሽታ ምዕራፍ ነው። ይህ ምዕራፍ ከሩቅ አገር ቤተ ሙከራ ቢጀምርም፣ መጨረሻው ከጎንደር ገጠር ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ቀጥሎ ይታያል።

በመጀመሪያ በሽታው በድመት ላይ ምን እንደሚመስል ማስታወስ ይገባል። የታመመው ድመት ውሃ ያበዛል፤ ሽንቱም ይበዛል፤ አጥብቆ እየበላ ይከሳል። ጠጉሩ ይጎሳቆላል። ነርቩ በተጎዳ ጊዜ በኋላ እግሩ ጣቶች መቆሙን ትቶ በቋንጃው እየተንፏቀቀ ይሄዳል፤ ይህን አረማመድ አንድ ጊዜ ያየ ሐኪም አይረሳውም። በሽታው የሚበዛው በዕድሜ በገፉ፣ በወፈሩ፣ በተኮላሹ ወንድ ድመቶች ነው። በእንግሊዝ አገር ኢንሹራንስ የተገባላቸውን ድመቶች መዝገብ በመመርመር እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ከ230 ድመት አንዱ የስኳር በሽተኛ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ከጎታ ሥር የሚያድነው ቀጭን ድመትና ከመስኮት ሥር ተኝቶ ደረቅ መኖ የሚቀርብለት ወፍራም ድመት ዘራቸው አንድ ቢሆንም፣ የሚጠብቃቸው በሽታ ለየቅል ነው።

የስኳር በሽታ ከቆሽት ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1889 ሲሆን፣ ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ በስትራስቡርግ ከተማ የውሻን ቆሽት ባወጡ ጊዜ ውሻው ስኳር መሽናት ጀመረ። ባንቲንግና ቤስት በቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1921 የቆሽትን ጭማቂ የሞከሩትም በውሻ ላይ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በጥር ወር ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ፤ ኢንሱሊንም ለዓለም ተዳረሰ። ይህን ታሪክ ሁሉም ስለሚያውቀው ማስረዘም አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ከዚያ በኋላ የመጣው፣ ውሻው ለድመቱ ስፍራ የለቀቀበት ዘመን ነው።

ኢንሱሊን ከተገኘ በኋላ የተነሣው ጥያቄ፣ በሽታው የቆሽት ብቻ ነው ወይስ ሌላ እጢም ተካፋይ አለበት የሚል ነበር። አርጀንቲናዊው ሁሳይ በአንጎል ሥር የሚገኘውን ፒቱታሪ የተባለውን እጢ በማውጣት የውሻን የስኳር በሽታ ማለዘብ እንደሚቻል አሳየ። በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሎንግና ሉከንስ እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጡት ጥናት ድመትን መረጡ። ቆሽቱ የወጣ ድመት ከኩላሊቱ በላይ ያሉት የአድሬናል እጢዎች ሲወጡለትም በሽታው እንደሚቀልለት አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ሉከንስ ከዶሃን ጋር ሆኖ የሠራው ሥራ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ጥልቅ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች የፒቱታሪ ጭማቂ በመስጠት ድመቶችን የስኳር በሽተኛ አደረጉ። ጭማቂው ከቆመ በኋላም በሽታው ጸና። ነገር ግን ጊዜ ሳያልፍ ኢንሱሊን የተሰጣቸው ወይም ምግባቸው የተስተካከለላቸው ድመቶች ዳኑ፤ መድኃኒቱ ቢቋረጥም ስኳራቸው አልተመለሰም። ይህ እ.ኤ.አ. በ1942 ታተመ።

በተከታዩ ዓመት ያወጡት ደግሞ ለዛሬ አንባቢ የበለጠ ያስደንቃል። ከፖም ዛፍ ሥር ልጥ የሚገኝ ፍሎሪዚን የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ ከታወቀ እ.ኤ.አ. ከ1835 ጀምሮ ነው። ኩላሊት ያጣራውን ስኳር ወደ ደም እንዳይመልስ ስለሚከለክል ስኳሩ በሽንት ይወጣል። ሉከንስና ባልደረቦቹ ይህን ለታመሙት ድመቶች ቢሰጡ፣ ኢንሱሊን ሳይጨመር የደማቸው ስኳር ወረደ፤ ከዚያም ድመቶቹ ዳኑ። ትርጉሙ ግልጽ ነበር፦ ቆሽትን የሚጎዳው አንዱ ነገር ራሱ የስኳሩ ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ዶሃንና ሉከንስ የክርክሩን ሌላ ወገን አቀረቡ። የቆሽታቸው ከፊሉ ለተወገደ ድመቶች ስኳር ብቻ ደጋግመው በመስጠት የማይመለስ የስኳር በሽታ አመጡባቸው። እንግዲህ የላንገርሃንስ ደሴቶች የተባሉት የቆሽት ሕዋሳት እንደ ደከመ በሬ ናቸው፤ በጊዜ ከቀንበር ቢፈቱ ያገግማሉ፣ ሳያርፉ ቢጠመዱ ይወድቃሉ። በእነዚያ ድመቶች ላይ የደረሰው ሥቃይ ቀላል አልነበረም፤ የተገኘውን እውቀት የሚጠቅስ ሰው ይህንንም ሊዘነጋው አይገባም።

ድመት ከሰው ጋር የምትመሳሰልበት ሌላ ምሥጢር ደግሞ በዚያው በቆሽቷ ውስጥ ተሠውሮ ነበር። ኦፒ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 በስኳር በሽተኞች የቆሽት ደሴቶች ውስጥ መስታወት የመሰለ ዝቃጭ መኖሩን ጽፎ ነበር። ምን እንደሆነ ግን ከ80 ዓመት በላይ አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1987 ስዊድናዊው ቬስተርማርክና ባልደረቦቹ ዝቃጩን ከሰው እጢና ከስኳር በሽተኛ ድመት ቆሽት አውጥተው ሲመረምሩት፣ በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ፕሮቲን ሆኖ አገኙት። ይህ ፕሮቲን በአይጥ ቆሽትም አለ፤ ሆኖም የአይጡ አሠራሩ ስለሚለይ አይረጋም። ለጎታው ጦርነት ታሪክ የሚያስገርም ተጨማሪ ነው፤ ታዳኙ ከዝቃጩ ነፃ ሲሆን አዳኟ ከጌታዋ ጋር ትጋራዋለች።

ይህ ሁሉ እውቀት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ለታመመው ድመት ራሱ እስኪተርፍ ብዙ ዓመታት ወስዷል። ለረጅም ጊዜ ድመት የሚታከመው ለሰው በተሠራው፣ ከበሬና ከአሳማ ቆሽት በሚወጣው ኢንሱሊን ነበር። የበሬ ኢንሱሊን ከድመት ኢንሱሊን የሚለየው በአንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ ስለሆነ ለድመት ይስማማው ነበር። የሰውን ኢንሱሊን በጀርም አማካይነት መሥራት ተችሎ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ከዋለ በኋላ ግን የበሬው ኢንሱሊን ከገበያ እየጠፋ ሄደ፤ የድመት ሐኪሞችም ለሰው የተሠራውን አዲሱን ዓይነት መሞከር ግድ ሆነባቸው። ከዚህ ግድ የተገኘው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ራንድ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው፣ ቀኑን ሙሉ በዝግታ የሚሠራውን ግላርጂን የተባለውን ኢንሱሊን ካርቦሃይድሬቱ ዝቅተኛ ከሆነ ምግብ ጋር ሲሰጡ ብዙ ድመቶች ከመርፌ ነፃ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመውና ባለቤቶቹ ራሳቸው በቤታቸው ደም እየለኩ 55 ድመቶችን በተከታተሉበት ጥናት፣ ከመቶ 64 የሚሆኑት ኢንሱሊን አቆሙ። በሽታው በታወቀ በስድስት ወር ውስጥ በዚህ መንገድ መታከም ለጀመሩት ቁጥሩ ከመቶ 84 ደረሰ፤ ለዘገዩት 35 ብቻ ነበር። ሉከንስና ዶሃን እ.ኤ.አ. በ1942 ያዩት ነገር ከ67 ዓመት በኋላ ከቤተ ሙከራ ውጭ በሰው ሳሎን ተደገመ ማለት ነው።

የፍሎሪዚኑም ነገር እንዲሁ ተመልሶ መጣ። የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ቤክሳግሊፍሎዚንን፣ በ2023 ደግሞ ቬላግሊፍሎዚንን ለድመት ፈቀደ። ሁለቱም በአፍ የሚሰጡ ሲሆኑ፣ አሠራራቸው የዚያው የፖም ሥር አሠራር ነው። ሆኖም ለማንኛውም ድመት የሚታዘዙ አይደሉም። ከዚህ በፊት ኢንሱሊን ሲወጋ ለቆየ ድመት አይሰጡም፤ የደሙ ስኳር ልክ መስሎ እያለ ደሙ በአሲድ ተመርዞ ሊሞት ይችላልና። የፒቱታሪውም ነገር አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ አገር ከ1,200 በላይ የስኳር በሽተኛ ድመቶች ሲመረመሩ፣ ከአራቱ አንዱ ያህል የፒቱታሪ እጢው ከመጠን በላይ የእድገት ሆርሞን እንደሚያመነጭ የሚያመለክት ውጤት ታየበት። ኢንሱሊን እየተጨመረለት ስኳሩ አልወርድ ያለ ድመት ሲያጋጥም ይህን ማሰብ ይጠቅማል።

በሥራ ላይ ላሉ ባልደረቦች ሁለት ነገሮች ይበልጥ ሊጠነቀቁባቸው ይገባል። አንደኛው ምርመራው ነው። ድመት ፈሪ እንስሳ ስለሆነ፣ በቅርጫት ታፍኖ ከሐኪም ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ እንኳ የደሙ ስኳር ይንራል። በአንድ ልኬት ብቻ የስኳር በሽተኛ ነው ብሎ መርፌ ማዘዝ ገዳይ ስሕተት ነው። ምልክቱ መኖር አለበት፤ በቤቱ በረጋበት ጊዜ የተሰበሰበ ሽንትም ስኳር ማሳየት አለበት፤ ከተቻለም ያለፉትን ሳምንታት አማካይ የሚናገረው የፍሩክቶዛሚን ምርመራ መደረግ አለበት። ሁለተኛው ሲሪንጁ ነው። ለእንስሳት የሚሠራው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ሲሆን፣ ዛሬ ለሰው የሚሠራው በአብዛኛው 100 ዩኒት ነው። የአንዱን በሌላው ሲሪንጅ የለካ ሰው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሳሳታል። ስኳሩ ወርዶ ለሚንቀጠቀጥ ድመት ማር ወይም የስኳር ብጥብጥ ድዱ ላይ መቀባት ጊዜ ይሰጣል፤ አፉን ከፍቶ መጋት ግን ወደ ሳንባው ያስገባዋል።

እስከዚህ የተነገረው የጥጋብ በሽታ ታሪክ ነው። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚታየው የስኳር በሽታ ግን ሌላ መልክ አለው፤ የሚታየውም በድመት ሳይሆን በሰው ላይ ነው።

የጎንደር የጤና ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ሲጀመር ዓላማው ለገጠሩ ሕዝብ የሚደርስ ባለሙያ ማሠልጠን ነበር። በዚያው ተቋም፣ በኋላ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2008 የመጡትን አዲስ የስኳር በሽተኞች መዝገብ ሲመረምሩ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር የማይስማማ ነገር አገኙ። ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው በሽተኞች ብዙዎቹ የገጠር ሰዎች፣ ይልቁንም ወንዶች ነበሩ። እንደ አውሮፓ ሕፃናት ሳይሆን በሽታው የጀመራቸው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ለሥራ በደረሱበት ዕድሜ ነው። ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ቀጫጭኖች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ በሽታው ከድህነትና በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጦት ጋር ዝምድና እንዳለው አመለከተ። በሞላ ሰውነት የሚመጣውን በሽታ የለመደ ሐኪም፣ ማረሻ የጨበጠውን ከሲታ ጎልማሳ ሲያይ የስኳር በሽታን አያስብም፤ ክሳቱን ለሳንባ ነቀርሳ ወይም ለትል ይሰጠዋል።

ይህ ዓይነቱ በሽታ ስም አጥቶ አያውቅም፤ የተቸገረው ስሙን የሚያጸናለት በማጣቱ ነው። ሂው ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1955 በጃማይካ አይቶ ከአገሩ ስም የመጀመሪያ ፊደል ወስዶ ሰየመው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ብሎ ለብቻው መደበው። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ማስረጃው በቂ አይደለም ተብሎ ከዝርዝሩ ተሠረዘ። የጎንደር ሐኪሞች ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያወጡ ጉዳዩ እንደገና መከፈት እንደሚገባው የጠየቁት ለዚህ ነበር። በደቡብ ሕንድ በቬሎር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ እነዚህ ከሲታ በሽተኞች ችግራቸው እንደ ወፍራሞቹ ኢንሱሊን አልታዘዝ ማለቱ ሳይሆን ቆሽታቸው በቂ ኢንሱሊን አለማመንጨቱ መሆኑን በልኬት አሳየ። በመጨረሻም ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀበለው። በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የተሳለ መስመር 26 ዓመት ሙሉ እነዚህን ሰዎች ከሌላ ወገን አስቆጥሯቸው ኖሯል።

በዚህ ቦታ የድመቱና የገበሬው ታሪክ ጎን ለጎን ሲቆም ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ወፍራሙ ድመት በጊዜ ከተደረሰለት ከመርፌ የሚለይበት መንገድ አለው፤ ምግቡ ይለወጣል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ደሴቶቹ ያርፋሉ። ከሲታው ገበሬ ግን ሊቀንሰው የሚችል ክብደት የለውም። ምግብ ቀንስ ማለት ለእርሱ ምክር ሳይሆን ፍርድ ነው። በሌላ በኩል የሚበላው ሳይኖረው የሚወጋው ኢንሱሊን ራሱ ይገድለዋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ከተማ ወፍራም ድመት ያመጣ ባለቤት ሲያጋጥም፣ ኢንሱሊን ለሰው በማይትረፈረፍበት አገር ይህች ብልቃጥ ለድመት ትገባለች ወይ የሚለው ጥያቄ ከሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ መውደቁ አይቀርም። ጥያቄውን በስሜት መመለስ አይገባም። የድመቱ ታሪክ የሚያሳየው በጊዜ የተጀመረ አጭር ሕክምና ከረጅሙ እንደሚያድን፣ ምግቡ ካልተለወጠ ደግሞ ብልቃጡ በከንቱ እንደሚያልቅ ነው። የእንጀራና የወጥ ትራፊ እየበላ ውሎ አድሮ የወፈረ የከተማ ድመት ባለቤት በመጀመሪያ የሚታዘዝለት ሥጋ እንጂ መርፌ አይደለም ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም፤ ድመት ከሥጋ በቀር ሌላ ምግብ ሳይኖረው የተፈጠረ እንስሳ ነውና። ሆኖም መርፌ የግድ የሚያስፈልገውን ድመት በዚህ ሰበብ ማጓተት ደግሞ ዕድሉን መዝጋት ይሆናል።

ለገበሬው የተደረገው ጥረት ከመንገዱ ርዝመት የጀመረ ነበር። ብልቃጥ ለመቀበል ብቻ ቀናት ተጉዞ ጎንደር መምጣት ብዙዎችን ሕክምናቸውን ያስቋርጣቸው ስለነበረ፣ የሆስፒታሉ ሐኪሞች በለንደን የኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ሐኪም ከነበሩት ከፒተር ዋትኪንስና በኢትዮጵያ ብዙ ዘመን ከሠሩት ከኤልድሪድ ፓሪ ጋር በመተባበር ክትትሉን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አወረዱት። በዚያም ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሥራውን ያዙ። በጅማም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል።

ኢንሱሊንን በቤት ማቆየት በሞቃት አገር የሸክላ ማሰሮና እርጥብ አሸዋ የሚጠይቅ ነው። በደባርቅና በዳባት ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ያለው ደጋ አየር የማቀዝቀዣውን ሥራ በአብዛኛው በነፃ ይሠራል፤ የተከፈተ ብልቃጥ በቤት ጥላ ውስጥ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ወደ ጨነቅ ሲወጣ ችግሩ ይገለበጣል። በዚያ ከፍታ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥና ጥሩ ቢመስል እንኳ ኃይሉ ስለጠፋ መጣል አለበት። ስለዚህ በዚያ አምባ ብልቃጡ የሚቀመጥበት ስፍራ ከምድጃው ብዙ ሳይርቅ፣ ከእሳቱም ሳይጠጋ፣ ከጎታው ጎን ድመቱ በሚተኛበት አካባቢ ነው።